አሰልጣኙ ወይስ ኮከቡ? በኤንቢኤ አንድ ቡድን እንዲያሸንፍ አሰልጣኝ ምን ያህል ይወስናል

ግንቦት 2024 ላይ ክሊቭላንድ ካቫሊየርስ ዋና አሰልጣኙን ጄ ቢ ቢከርስታፍን አባረረ። ሰውዬው ቡድኑን ያበላሸ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ሲዝን 48 ጨዋታ አሸንፎ፣ 34 ተሸንፎ፣ ቡድኑን ፕሌይኦፍ ሁለተኛ ዙር ያደረሰ ሰው ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ዲትሮይት ፒስተንስ አሰልጣኙን ሞንቲ ዊሊያምስን አሰናበተ። የዚህኛው እንኳን ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ 14 ድል፣ 68 ሽንፈት። በመሃል 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል፤ በአንድ ሲዝን ውስጥ በኤንቢኤ ታሪክ እንደዚያ የተሸነፈ ቡድን የለም።

ዲትሮይት በዊሊያምስ ቦታ ማንን ቀጠረ? ክሊቭላንድ ያባረረውን ቢከርስታፍን።

በቀጣዩ ሲዝን ዲትሮይት ከ14 ድል ወደ 44 ተስፈነጠረ። ክሊቭላንድም አልከሰረም፤ በአዲሱ አሰልጣኝ በኬኒ አትኪንሰን ከ48 ወደ 64 ድል ወጣ፣ የመጀመሪያ 15 ጨዋታዎቹን በሙሉ አሸነፈ፣ አትኪንሰንም የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። አንዱ ቤት "ከዚህ በላይ አይወስደንም" ተብሎ የወጣ ሰው ለሌላው ቤት መድኃኒት ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ድል የአሰልጣኝ ነው? እኛ ገጹን የምናዘጋጀው ልጆች በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍለን ብዙ ተከራክረናል። አንደኛው ወገን "ኮከብ ካለህ እኔም አሰለጥነዋለሁ" የሚል ነው። ሌላው ደግሞ ለእያንዳንዱ ሽንፈት አሰልጣኙን ነው የሚሰድበው። ክርክሩን ለመጨረስ ሳይሆን በማስረጃ እንዲሆን ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አሰልጣኙ በትክክል የሚሰራው ምንድን ነው?

አብዛኞቻችን በእግር ኳስ ነው ያደግነው። በእግር ኳስ አሰልጣኝ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ እጁ አጭር ነው። መስመሩ ዳር ቆሞ ይጮሃል፣ አምስት ሰው ይቀይራል፣ የወጣ ተጫዋች ደግሞ አይመለስም። ቅርጫት ኳስ እንደዚያ አይደለም። ቅያሪ ገደብ የለውም፤ የወጣው ይመለሳል፣ የተመለሰው እንደገና ይወጣል። በኤንቢኤ አንድ ቡድን በጨዋታ 7 ታይምአውት አለው፤ ከነዚህ ውስጥ በመጨረሻው ሩብ ከ4 በላይ መጠቀም አይችልም። ከ2019-20 ሲዝን ጀምሮ ደግሞ አሰልጣኙ የዳኛን ውሳኔ በቪዲዮ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ጨዋታውን በየደቂቃው ይነካካዋል።

በሌላ በኩል ሜዳ ላይ ያሉት 5 ሰዎች ብቻ ናቸው። ከ11 ሰው አንዱ ጎበዝ መሆንና ከ5 ሰው አንዱ ጎበዝ መሆን ለየቅል ነው። ኮከቡ ከ48ቱ ደቂቃ 36 ያህሉን ይጫወታል፣ ኳሷም አብዛኛውን ጊዜ በእሱ እጅ ናት። ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው፤ ከእግር ኳስ ጋር ሲወዳደር በቅርጫት ኳስ የአሰልጣኙም የኮከቡም ድርሻ ይገዝፋል።

አሁን ሂሳቡን እንስራ። 48 ደቂቃ በ5 ተጫዋች ሲባዛ 240 ደቂቃ ይሆናል። አሰልጣኙ በየማታው የሚያከፋፍለው ሀብት ይሄ ነው። ሁለቱ ኮከቦች 72 ደቂቃ ያህል ይወስዳሉ፤ ይሄን ማንም ያውቀዋል። የቀረው 168 ደቂቃ ላይ ነው ጨዋታው። ማን ከማን ጋር ይግባ? ሁለቱን ኮከቦች አንድ ላይ ያሳርፍ ወይስ አንዱ ሁልጊዜ ሜዳ ላይ ይኑር? ሶስተኛ ፎል የሰራውን ረጅም ልጅ ያስወጣ ወይስ ይድፈር? ከ82 ጨዋታ ጋር አባዙት፤ ስህተቱም ትክክሉም ይጠራቀማል።

ሌላው ትልቅ ስራ መከላከል ነው። ፒክ ኤንድ ሮል የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ ኳስ የያዘው ተጫዋች ጓደኛው መጥቶ ቆሞ ጠባቂውን ይከልልለታል። በዚያች ቅጽበት የተከላካዩ ቡድን ረጅሙ ልጅ ምን ያድርግ? ወደ ኋላ ሸሽቶ ቀለበቱን ቢጠብቅ፣ ተኳሹ ከሩቅ ባዶ ቦታ ያገኛል። ጠባቂ ቢቀያየሩ ደግሞ ረጅሙና ከባዱ ልጅ ስቴፈን ከሪን ሲያሳድድ ይገኛል፣ ያኔ እግዚአብሔር ይርዳው ነው። ሁለቱ ተባብረው ኳስ የያዘውን ቢከቡት ሌላ ሰው ባዶውን ይቀራል። ሁሉንም የሚዘጋ መከላከል የለም። አሰልጣኙ የሚወስነው የቱን ክፍት እንደሚተው ነው። በ2019 ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ ላይ የቶሮንቶው ኒክ ነርስ አራት ተጫዋች ዞን እንዲይዝ፣ አምስተኛው ከሪን ብቻ እንዲከተል አዘዘ፤ በትምህርት ቤት ውድድር እንጂ በኤንቢኤ ፍጻሜ የማይታይ ነገር ነበር። ያን ጨዋታ ቶሮንቶ ተሸነፈ፣ ዋንጫውን ግን ወሰደ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ፦ ሲዝኑ ሲጀመር ልምምድ የለም ማለት ይቻላል። በሳምንት ሶስት አራት ጨዋታ፣ በመሃሉ አውሮፕላን ነው። አሰልጣኙ አሰራሩን የሚተክለው በዋናነት ሲዝኑ ከመጀመሩ በፊት ባለው የዝግጅት ጊዜ ነው። በሲዝን መሃል የሚመጣ አዲስ አሰልጣኝ ብዙውን ጊዜ ተአምር የማይሰራውም ለዚህ ይመስለናል። ሚልዋኪ ባክስ በጥር 2024 አድሪያን ግሪፈንን 30 አሸንፎ 13 ተሸንፎ እያለ አባረረና ስመ ጥሩን ዶክ ሪቨርስን አመጣ። በሪቨርስ ስር የቀረው ሲዝን 17 ድልና 19 ሽንፈት ሆነ፣ በፕሌይኦፉም በመጀመሪያው ዙር ወጡ። እርግጥ ያኔ ያኒስ ተጎድቶ ነበር፤ ፍትሃዊ እንሁን።

ጎልደን ስቴት፦ ከሁሉም የተሻለው ማስረጃ

የአሰልጣኝን ድርሻ መለካት ከባድ የሚሆነው አሰልጣኝ ሲቀየር ተጫዋችም ስለሚቀየር ነው። በጎልደን ስቴት ዋሪየርስ ግን ባጋጣሚ ሶስት የሚያምሩ ሙከራዎች ተደርገዋል፣ ያውም በአንድ ሰው ላይ።

የመጀመሪያው 2014 ነው። ማርክ ጃክሰን ቡድኑን 51 ጨዋታ አሸንፎበት ተባረረ። ስቴፈን ከሪ፣ ክሌይ ቶምሰን፣ ድሬይሞንድ ግሪን፣ አንድሬ ኢጎዳላ ሁሉም እዚያው ነበሩ። መከላከሉ በጃክሰን ጊዜም ከሊጉ ምርጦች አንዱ ነበር። ማጥቃቱ ግን ተራ ነበር፦ 12ኛ። ያን ያህል ተኳሽ ያለው ቡድን በጨዋታ በሚያደርገው የቅብብል ብዛት ከሊጉ መጨረሻ ነበር። ከሪ ይይዛል፣ ይንጠባጠባል፣ ይተኩሳል፤ ካልሆነም አንዱ ብቻውን ይታገላል።

ስቲቭ ከር ሲመጣ በህይወቱ አንድም ጨዋታ በዋና አሰልጣኝነት መርቶ አያውቅም። ተጫዋች ሆኖ ግን በቺካጎ በፊል ጃክሰን ስር 3፣ በሳን አንቶኒዮ በግሬግ ፖፖቪች ስር 2 ዋንጫ በልቷል። ከሁለቱም የወሰደውን ቀላቀለው፦ ኳስ ይዘዋወር፣ ሰው ይንቀሳቀስ፣ የቆመ አይኑር። ኢጎዳላ እስከዚያ ቀን ድረስ በተጫወታቸው 758 ጨዋታዎች በሙሉ ቋሚ ተሰላፊ ነበር። ከር ቤንች ላይ አስቀመጠውና ወጣቱን ሃሪሰን ባርንስን አስገባ። አስቡት፣ አዲስ መጥተህ፣ ልምድ ሳይኖርህ፣ የተከበረ ሰው "ተጠባባቂ ሁን" ማለት። ኢጎዳላ ደስ ባይለውም ተቀበለ። ዴቪድ ሊ ሲጎዳ ደግሞ ግሪን ገባና ከዚያ በኋላ ቦታውን አልለቀቀም። ይሄኛው ዕድልም አለበት።

ውጤቱ 67 ድል፣ 15 ሽንፈት። ማጥቃቱ ከ12ኛ ወደ 2ኛ፣ መከላከሉ 1ኛ። በፍጻሜው በክሊቭላንድ 2 ለ 1 ሲመሩ ከር ረጅሙን አንድሪው ቦገትን አስወጥቶ ኢጎዳላን ከመጀመሪያው አሰለፈ። ሃሳቡን ያመጣው የ28 ዓመቱ ረዳት ኒክ ዩረን ነበር። ከዚያ በኋላ ሶስቱንም ጨዋታ አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ፤ ኢጎዳላ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ሲዝኑን ሙሉ ቤንች ላይ የተቀመጠው ሰውዬ።

እዚህ ላይ ብናቆም "አሰልጣኝ ሁሉም ነገር ነው" ብለን እንጨርስ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ በቀጣዩ ሲዝን መጣ። ከር ከጀርባ ቀዶ ጥገና በኋላ በተፈጠረ ችግር ታሞ ቀረ። ቡድኑን የያዘው የ35 ዓመቱ ረዳቱ ሉክ ዋልተን ነው። ዋልተን የመጀመሪያዎቹን 24 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ፤ በኤንቢኤ ታሪክ ምርጡ አጀማመር። ከር በጥር 2016 ሲመለስ ቡድኑ 39 አሸንፎ 4 ተሸንፎ ነበር። በህጉ መሰረት ድሎቹ በሙሉ የተመዘገቡት በከር ስም ነው። የሚያስቀው፣ ዋልተን በወረቀት ላይ ዜሮ ድል ዜሮ ሽንፈት እያለው የወሩ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሎ ተሸልሟል። ሲዝኑ በ73 ድል ተዘጋ፣ ከርም የዓመቱን ምርጥ አሰልጣኝ ሽልማት ወሰደ።

በዚያው ክረምት ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ዋልተንን ቀጠረው። ሶስት ሲዝን አሰልጥኖ 98 አሸነፈ፣ 148 ተሸነፈ። ሰውዬው አልደደበም። የሄደበት ቤት ውስጥ ከሪ የለም፣ ቶምሰን የለም፣ ከር የተከለው አሰራር የለም።

ሶስተኛው ሙከራ ራሱን ከርን ይመለከታል። 2019-20 ላይ ኬቨን ዱራንት ወደ ብሩክሊን ሄዷል፣ ቶምሰን ሲዝኑን ሙሉ ተጎድቷል፣ ከሪ እጁ ተሰብሮ 5 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። ያው ከር፣ ያው አሰራር፣ ውጤት ግን 15 ድልና 50 ሽንፈት፣ ከሊጉ መጨረሻ። ልጆቹ ሲመለሱለት በ2022 እንደገና ሻምፒዮን ሆነ።

ሶስቱን አንድ ላይ ስናያቸው እንዲህ እንረዳዋለን፦ ከር የሰራው ስራ እውነተኛ ነው፣ ማጥቃቱን ከተራ ወደ አስፈሪ ቀይሮታል። ግን አንዴ ከተተከለ በኋላ እሱ ባይኖርም ለተወሰነ ጊዜ ይሄዳል። ተጫዋቾቹ ከሌሉ ግን እሱ ቢኖርም አይሄድም። ይሄን ስንጽፍ "ኮከብ ካለ እኔም አሰለጥነዋለሁ" የሚለው ወገን ደስ ብሎታል። ማርክ ጃክሰን ያንኑ ቡድን ይዞ 67 አላሸነፈም እኮ፣ ብለን መልሰናል።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

ተመራማሪዎችም አልተስማሙም። ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ቤሪና ባልደረቦቹ በ2009 ባወጡት ጥናት የጠየቁት "ተጫዋች አሰልጣኝ ሲቀየርለት ብቃቱ ይቀየራል ወይ?" ብለው ነው። መልሳቸው ለአሰልጣኞች አያስደስትም፦ አብዛኞቹ በተጫዋቾች ብቃት ላይ ጎልቶ የሚለካ ለውጥ አያመጡም። የሚያመጡት ጥቂቶች ናቸው፣ ከነሱም አንዱ ፊል ጃክሰን ነው።

በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ቤሪ (ስማቸው ቢመሳሰልም ሌላ ሰው ነው) እና አንተኒ ፋውለር በሌላ መንገድ ሄዱ። ቅርጫት ኳስን ጨምሮ በተለያዩ የአሜሪካ ስፖርቶች የእያንዳንዱን አሰልጣኝ ዘመን ወሰዱና በኮምፒውተር እንደ ካርታ በወዙት። እውነተኛው ቅደም ተከተል ውጤትን ከተበወዘው የተሻለ የሚያብራራ ከሆነ አሰልጣኝ ትርጉም አለው ማለት ነው። ያገኙት ቁጥር በቡድኖች ውጤት ላይ ከሚታየው ልዩነት ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህሉ ከአሰልጣኝ ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው።

ይህን ቁጥር በስህተት እንዳትጠቀሙበት። 50 ያሸነፈ ቡድን ካለ 12ቱን ያሸነፈው አሰልጣኙ ነው ማለት አይደለም። አንዱ ቡድን ከሌላው ለምን እንደሚለይ ስንጠይቅ ከመልሱ ሩብ ያህሉ አሰልጣኙ ጋ ይገኛል ማለት ነው። ሶስት አራተኛው ተጫዋች፣ ጉዳት፣ ገንዘብ፣ የክለቡ አስተዳደር እና ዕድል ነው።

እናም ወደ ክሊቭላንድ እንመለስ። 48 ወደ 64 ሲሆን አትኪንሰን ማጥቃቱን የሊጉ አንደኛ አድርጎታል፣ ይሄ የሱ ነው። (በነገራችን ላይ እሱም ከክሊቭላንድ በፊት የከር ረዳት ነበር።) ግን ደግሞ በቢከርስታፍ የመጨረሻ ሲዝን ዳሪየስ ጋርላንድ 57፣ ኢቫን ሞብሊ 50 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወቱት። በአትኪንሰን ጊዜ ጋርላንድ 75፣ ሞብሊ 71 ተጫውተዋል። ዲትሮይትም ቢሆን ለቢከርስታፍ እነ ቶባያስ ሃሪስን፣ ማሊክ ቢዝሊን፣ ቲም ሃርዳዌይ ጁኒየርን ጨምሮለታል፤ ቢዝሊ ብቻውን 319 ባለ ሶስት ነጥብ አስገብቷል። ዊሊያምስ እነዚህ ተኳሾች አልነበሩትም። ይሁንና ዊሊያምስ በሲዝኑ መጀመሪያ ላይ ጄደን አይቪን ቤንች አስቀምጦ ኪሊየን ሄይስን ያሰልፍ ነበር፤ ሄይስ ሲዝኑ ሳያልቅ ከቡድኑ ተሰናብቷል። 28 ጨዋታ በተከታታይ መሸነፍ በተጫዋች እጥረት ብቻ አይመጣም ባዮች ነን።

ፖፖቪች እና ደንካን

አሰልጣኝ ይበልጣል ለሚሉ ሰዎች የመጨረሻው ምሽግ ግሬግ ፖፖቪች ነው። በሳን አንቶኒዮ ስፐርስ 5 ዋንጫ፣ በተከታታይ 22 ዓመት ፕሌይኦፍ፣ በመጋቢት 2022 የዶን ኔልሰንን 1,335 ድል አልፎ በመደበኛ ሲዝን የድል ብዛት የምንጊዜም አንደኛ።

ግን አጀማመሩን አስታውሱ። በታህሳስ 1996 የክለቡ ስራ አስኪያጅ ሆኖ ሳለ አሰልጣኙን ቦብ ሂልን አባርሮ ራሱን ሾመ። በዚያ ሲዝን ዴቪድ ሮቢንሰን ተጎድቶ 6 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው፤ ፖፖቪች 17 አሸንፎ 47 ተሸነፈ። ቡድኑ ያን ያህል ስለወደቀ የድራፍቱ አንደኛ ዕጣ ደረሰውና ቲም ደንካንን ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ሮቢንሰንም ተመለሰና 56 ድል ሆነ። ፖፖቪች በአንድ ክረምት ሊቅ የሆነ አይመስለንም። ደንካን በ2016 ጫማ ሰቀለ። 2022-23 እና 2023-24 ላይ በዚያው ሊቅ አሰልጣኝ ስር ስፐርስ ሁለቴ 22 አሸንፎ 60 ተሸነፈ።

ታዲያ የፖፖቪች ድርሻ ምን ነበር? እኛ የምናየው በቁጥሩ ሳይሆን በእድሜው ነው። ኮከብ ያላቸው ቡድኖች ብዙ ናቸው፤ ለ22 ዓመት ያልወደቀ ግን ብርቅ ነው። ማኑ ጂኖቢሊ በየትኛውም ቡድን ቋሚ ሊሆን የሚችል ተጫዋች ሆኖ ለዓመታት ከቤንች እየተነሳ ተጫወተ፤ ይሄን ያለ ኩርፊያ ማስቀበል ስራ ነው። በህዳር 2012 ደግሞ ፖፖቪች ከማያሚ ጋር ከሚደረግ ጨዋታ በፊት ደንካንን፣ ቶኒ ፓርከርን፣ ጂኖቢሊንና ዳኒ ግሪንን አርፈው እንዲመጡ ወደ ቤታቸው ላካቸው። ሊጉ ክለቡን 250,000 ዶላር ቀጣ። ከዚያ በኋላ ተጫዋች ማሳረፍ በብዙ ቡድኖች ዘንድ የተለመደ ሆነ።

ፊል ጃክሰንም ላይ ያው ጥያቄ ይነሳል። 11 ዋንጫ፦ 6 ከጆርዳንና ከፒፐን ጋር፣ 5 ከኮቢ ጋር፣ ከነዚህም የመጀመሪያዎቹ 3 ከሻክ ጋር። እንዲህ አይነት ሰው ይዞ ማን ይሸነፋል? ግን ጆርዳን ከጃክሰን በፊት በነበሩት አሰልጣኞች ስር አንድም ዋንጫ አላገኘም፣ ሻክና ኮቢም አብረው እያሉ ከጃክሰን በፊት አላሸነፉም። ጆርዳን ሄዶ ቤዝቦል ሲጫወት ደግሞ ቺካጎ በ1993-94 ያለ እሱ 55 ጨዋታ አሸንፏል፤ ከእሱ ጋር በነበረው ዓመት 57 ነበር። ይሄ ቁጥር ብዙ ሰው ይረሳዋል።

የልብስ መቀየሪያ ክፍሉ

ጥር 22 ቀን 2016፣ ከር ከህመሙ በተመለሰበት በዚያው ቀን፣ ክሊቭላንድ ዴቪድ ብላትን አባረረ። ብላት 30 አሸንፎ 11 ተሸንፎ፣ ከምስራቁ አንደኛ ነበር። ባለፈው ዓመት ፍጻሜ አድርሷቸዋል። ከዚያ በፊት ከማካቢ ቴል አቪቭ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነ፣ ታክቲክ የሚያውቅ ሰው ነው። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር፤ ተጫዋቾቹ ሙሉ በሙሉ አልተከተሉትም ነበር፣ በተለይ ሌብሮን። የተተካው ረዳቱ ታይሮን ሉ በቀሪው ሲዝን 27 አሸንፎ 14 ተሸነፈ፤ ከብላት የባሰ ነው። ግን በሰኔ 3 ለ 1 ከመመራት ተነስተው 73 ያሸነፈውን ጎልደን ስቴትን አሸንፈው ዋንጫ በሉ።

ይሄን የሚለካ ቀመር የለም። አሰልጣኙ ብዙውን ጊዜ ከኮከቡ ያነሰ ደሞዝ ነው የሚያገኘው። የማያሚው ኤሪክ ስፖልስትራ በ2024 የፈረመው ኮንትራት በ8 ዓመት ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፣ በዓመት 15 ሚሊዮን ገደማ፤ ከሪ በ2024-25 ብቻ ከ55 ሚሊዮን በላይ ተከፍሎታል። አራት እጥፍ የሚከፈለውን ሰው "ዛሬ አልተከላከልክም፣ ተቀመጥ" የሚል አለቃ ሁኑ እስቲ።

ስፖልስትራን ካነሳን አይቀር፣ ለእኛ በአሁኑ ጊዜ የአሰልጣኝ ድርሻ በግልጽ የሚታየው እሱ ጋ ነው። በ1995 የቪዲዮ ሰራተኛ ሆኖ ገብቶ በ2008 ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ከሌብሮን ጋር 2 ዋንጫ ሲወስድ "ሌብሮን ነው" ተባለ። በ2023 ግን ከምስራቅ 8ኛ ሆኖ የገባውን ቡድን፣ በድራፍት ማንም ያልመረጣቸውን እነ ጌብ ቪንሰንትን፣ ማክስ ስትረስን፣ ኬለብ ማርቲንን ይዞ ፍጻሜ ደረሰ። እርግጥ ጂሚ በትለር ነበር። ግን በትለር ብቻውን ፍጻሜ አይደርስም።

ታዲያ ለምን ይባረራሉ?

ከሁሉም የሚቀለው አሰልጣኝ ማባረር ስለሆነ ነው። 15 ተጫዋች በአንድ ቀን መቀየር አይቻልም፤ ኮንትራትና የደሞዝ ጣሪያ አለ። የአሰልጣኝ ደሞዝ ግን በጣሪያው ውስጥ አይቆጠርም። ዲትሮይት ለዊሊያምስ የ6 ዓመት፣ 78.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኮንትራት ሰጥቶ ከአንድ ሲዝን በኋላ አሰናበተው፤ ገንዘቡ የባለቤቱ ኪሳራ እንጂ በቡድኑ ስብስብ ላይ ምንም አልነካም።

ዋንጫም አያድንም። የ2019 ሻምፒዮን ኒክ ነርስ በ2023፣ የ2020 ሻምፒዮን ፍራንክ ቮግል በ2022፣ የ2021 ሻምፒዮን ማይክ በደንሆልዘር በ2023 ከዋንጫቸው ቤት ተባረዋል። የ2023ቱ ማይክል ማሎን ደግሞ በሚያዝያ 2025 መደበኛው ሲዝን ሊያልቅ 3 ጨዋታ ሲቀረው። ቶም ቲቦዶ ኒውዮርክ ኒክስን ከ25 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የምስራቅ ፍጻሜ አድርሶ በሳምንቱ አካባቢ ስራ ፈት ሆነ። በ2018 ድዌይን ኬሲ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝነት ሽልማቱን የተቀበለው ቶሮንቶ ካባረረው በኋላ ነው። የተካው ነርስ በዓመቱ ዋንጫ በላ፤ ግን ካዋይ ሌናርድም በዚያው ክረምት ነው የመጣው።

በእኛ ግምት የአሰልጣኝ ድርሻ እኩል አይደለም። ከስር ላለ ደካማ ቡድን ምርጥ አሰልጣኝ ብዙ አይፈይድለትም። ችሎታው እያለ በአግባቡ ያልተጠቀመ ቡድን ላይ ግን፣ እንደ 2014ቱ ጎልደን ስቴት፣ ለውጡ ትልቅ ነው። መጥፎ አሰልጣኝ የሚያፈርሰው ደግሞ ጥሩው ከሚገነባው ይበልጣል ብለን እናስባለን፣ ዲትሮይትን አይተን።

ጨዋታ ስታዩ ምን ላይ ታተኩሩ?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ተነስታችሁ በስልክ የምታዩ ከሆነ ኳሷን ብቻ አትከተሉ። ከታይምአውት በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ማጥቃት ተመልከቱ፤ እሱ በቀጥታ ከአሰልጣኙ ሰሌዳ የመጣ ነው። በሁለተኛው ሩብ መጀመሪያ ላይ ኮከቡ ሲቀመጥ ውጤቱ ስንት ላይ እንደነበርና ሲመለስ ስንት እንደሆነ መዝግቡ። በፕሌይኦፍ ደግሞ የመጀመሪያውንና የሶስተኛውን ጨዋታ አነጻጽሩ፦ ማን ከሰልፍ ወጣ፣ ኮከቡን ማን ይይዘው ጀመር። የፒክ ኤንድ ሮሉ ረጅም ልጅ ወደ ኋላ እየሸሸ ሶስት ባለ ሶስት ነጥብ በተከታታይ ገብቶበት አሰልጣኙ አሁንም እጁን አጣጥፎ ከቆመ፣ ያኔ ስደቡት፤ እኛም አብረናችሁ ነን።